«ሆድ ይፍጀው» የተባለውን መክፈት፦ የቤተሰብ ታሪካችንን ከአማካሪ ጋር ደረጃ በደረጃ እንዴት እንመርምር

አያቴ እራት ሲቀርብ አንድ እንጀራ አጥፋ ከመሶቡ ዳር ታስቀምጥ ነበር። ለማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም። ሲመሽ ግን አንድ ሰው ከቤት ከዘገየ ሆዴ ይረበሻል። ወንድሜ ከሳቢያን ሰፈር ባጃጅ አጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እጄ ይቀዘቅዛል። ካገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ባለቤቴ ስልክ ካላነሳ ግቢ ውስጥ ስመላለስ አመሻለሁ።

በመጨረሻ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ሄድኩ። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ «ቤታችሁ ውስጥ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ያ እንጀራ ትዝ ያለኝ።

እንጀራው የአያቴ ታናሽ ወንድም ድርሻ ነበር። በ1970 አንድ ማታ ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። መርዶ አልመጣም። ለቅሶ አልተቀመጠም። አያቴ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዘጋችው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ፍርሃቱ ግን እኔ ጋ ደርሷል።

ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈው ያለፍኩበትን መንገድ ነው፤ ከአማካሪዬ የተማርኩትንም እጨምርበታለሁ። በተለይ ለድሬዳዋና ለሐረር ልጆች ነው። ድሬ በባቡር የመጣች ከተማ ናት። በ1895 ሐዲዱ ሲደርስ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ፣ ከጉራጌ፣ ከየመን፣ ከሕንድ፣ ከግሪክ፣ ከአርመን ሰው መጣ። ከአካባቢው ኦሮሞ፣ ሶማሌና ሐረሪ ጋር ተጎራበተ፣ ተጋባ። ብዙዎቹ አያቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ሲወርዱ ታሪካቸውን ሌላ ጣቢያ ትተው ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ «ዘርህ ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሲመልሱት ግን ብዙ ነገር ይጎድላል።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ተነሱ

«ስለ ቤተሰቤ ሁሉንም ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው መሀል ላይ ይደክመዋል። ዛሬ ከሚያስቸግራችሁ ነገር ተነሱ። «ለምንድን ነው ቁጣዬ ከነገሩ የሚበልጠው?» «ደመወዝ እያለኝ ለምን ጤፍ ያልቃል ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ?» «ሰው ሲያመሰግነኝ ለምን እሸማቀቃለሁ?» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ። ስሜቱ በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ነበር? ከዚያ በፊት ምን ሆነ? ሰውነታችሁ ላይ የት ተሰማችሁ? የኔ ደብተር ላይ ከአሥራ አራት ቀን አሥራ አንዱ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ» ይላል። ደብተሩ ባይኖር «ሁሌ እጨነቃለሁ» ብዬ ነበር የምናገረው። ሁሌ አልነበረም።

ደረጃ 2፦ ብቻችሁን አትግቡበት

የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የሥነ አእምሮ ሐኪም ፈልጉ። ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ጋ መጀመር ይቻላል። ካልተመቸ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወደ አእምሮ ጤና አገልግሎት እንዲልኳችሁ ጠይቁ። በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎችም አሉ። ይሄ ለኛ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ድሬ ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ገና ከመቀመጣችሁ «አቦ፣ አንቺ የእገሊት ልጅ አይደለሽም እንዴ!» ሊባል ይችላል። መጀመሪያ ቀን በግልጽ ጠይቁ። ምን ተምረዋል? የምነግርዎ ነገር ከዚህ ክፍል ይወጣል? መቼ ነው ለሌላ ሰው ለመናገር የሚገደዱት? ክፍያው ስንት ነው? ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የሰው ትውስታ እንደ ካሜራ አይደለም። በጥያቄ አጠያየቅ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ሰው ያልሆነውን ሆኗል ብሎ ከልቡ ሊያምን እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ «ልጅ ሆነሽ የደረሰብሽ የረሳሽው ነገር አለ፤ አስታውሺ» እያለ የሚገፋፋ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ጠበል የምትጠመቁ፣ ቁርዓን የምታስቀሩ ካላችሁ አንዱን ለሌላው መተው የለባችሁም። ግን ለአማካሪው ንገሩት። ጫትም የምትቅሙ ከሆነ ንገሩት። ይህን በጣም ነው የማሳስበው። በርጫ ላይ ታሪክ ይወራል፣ ልብ ይከፈታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጫት አነቃቂ ነው። እንቅልፍን ይነካል፣ ጭንቀትን ሊያብስ ይችላል። ሌሊቱን ሳትተኙ ያሰባችሁት ሁሉ የቤተሰብ ታሪክ ላይሆን ይችላል።

ይህን ሥራ ማዘግየት ያለባቸውም አሉ። ሐዘናችሁ ገና ትኩስ ከሆነ፣ የምትኖሩበት ቤት አሁን ራሱ የሚያሰጋ ከሆነ ቆዩ። ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ የአያት ታሪክ ይቆይ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን አትደሩ።

ደረጃ 3፦ ገመዱን ከላይ እሰሩ

ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ገመዱን ከላይ ሳያስር አይወርድም። የኛ ገመድ ወደ ዛሬ የሚመልሰን ነገር ነው። አማካሪዬ ያስተማረችኝ ቀላሉ ይሄ ነው። አሁን የማያቸው አምስት ነገሮች፣ የምነካቸው አራት፣ የምሰማቸው ሦስት፣ የማሸታቸው ሁለት፣ የምቀምሰው አንድ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ እቆማለሁ። በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ቶሎ ይመልሳል። ከዚያ መቁጠር እጀምራለሁ።

ጭንቀታችሁን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። 7 ሲደርስ ይቆማል። ፎቶም እያያችሁ ቢሆን፣ አያታችሁም እያወሩ ቢሆን ይቆማል። ይህን አስቀድማችሁ ከአማካሪያችሁ ጋር ተስማሙበት። ከፍርሃት ብዛት ደንዝዞ መቀመጥም 7 ነው። እኔ የማለቅሰው 5 ላይ ነው፤ ዝም የምለው ግን 8 ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ማወቅ አለበት።

ደረጃ 4፦ ከስማችሁ ጀምሩ

ሰነድ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት መታወቂያችሁን አውጡ። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት ትውልድ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ግን የአባት መስመር ብቻ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በሁለቱም ወገን ነው፤ በየቀኑ የምንሸከመው ግን የአባትን ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን አብቲርሲ፣ ማለትም የዘር ሐረግ፣ ሲቆጥሩ ከኛ በጣም ርቀው ይሄዳሉ፤ እሱም በአባት በኩል ነው። የእናታችሁ እናት እናት ማን ትባል ነበር? እኔ ስጠየቅ አላወቅኩም። ስለዚህ ከእናት በኩል ጀምሩ። ብዙ ጊዜ የተደበቀው እዚያ ነው።

ከዚያ ስሙን አዳምጡት። ምትኩ የሚባል ሰው በቤታችሁ ካለ፣ የተተካው ማን ነበር? ካሳሁን ከተባለ፣ ካሳ የሆነው ለምን ጉዳት ነው? ማስረሻን ምን እንድታስረሳ ነው ያወጡላት? ስንታየሁ የሚል ስም ያወጣች እናት ስንት አይታ ነበር? ስም የወላጅ የመጀመሪያ ንግግር ነው። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራበት ይኖራል፤ ማንም ግን ትርጉሙን አይጠይቀውም። ከእሱ በፊት የሞተ ሕፃን እንደነበረ አርባ ዓመት ሞልቶት ያወቀ ሰው አውቃለሁ። «እናቴ ስታቅፈኝ ሌላ ሰው የምታቅፍ ይመስለኝ ነበር» ብሎ ነገረኝ።

የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የቅጽል ስምም ጻፉ። ስም የተቀየረበት ቦታ ካለ ቆም በሉ። ለሥራ ነው? ለጋብቻ ነው? ለሃይማኖት ነው? ለመሰወር ነው?

ስለትም እንደ ስም ነው። በኛ በኩል ቁልቢ ገብርኤል ያልተሳለ ቤት ጥቂት ነው። ታኅሣሥ 19 ጥላ ተይዞ ሲኬድ «ስለት ሰምሮልን ነው» ይባላል። ምን ተብሎ ተሳሉ? ለልጅ? ለመፈታት? ከጦርነት ለመመለስ? በሙስሊም ቤትም ሐረር ጀጎል ውስጥ ካሉት የአውሊያ ቦታዎች የተገባ ቃል ሊኖር ይችላል። የቤተሰባችሁን ስለት ካወቃችሁ በዚያ ዓመት ቤቱ ከሁሉም በላይ ምን እንደፈራ አወቃችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ቤተሰቡን በወረቀት ላይ ሳሉት

ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ባዶ ነው፤ ለዚህ ጥሩ ወረቀት ነው። ባለሙያዎች ሥዕሉን ጄኖግራም ይሉታል። መነሻው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መረይ ቦወን ስለ ቤተሰብ ያስተማረው ነው። ቦወን አንድን ሰው ለብቻው አያይም፤ ቢያንስ ሦስት ትውልድ አብሮ ያያል።

ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ትሳላለች። የሞተ ሰው ላይ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። ሽማግሌው ከላይ፣ ልጆች ከታች። የተጋቡ በመስመር ይገናኛሉ፤ ከተፋቱ መስመሩ ላይ ሁለት ጭረት። የጨነገፈ ፅንስ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ እሱንም አትዝለሉት። ከዚያ በሌላ ቀለም ግንኙነቱን ጨምሩ። በጣም የሚቀራረቡ በሁለት መስመር፣ የሚጣሉ በዚግዛግ፣ የተራራቁ በተቆራረጠ መስመር።

ለኛ አገር ቤተሰብ አንድ መስመር መጨመር ግድ ነው። «ማን ወለደው?» እና «ማን አሳደገው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አክስት ጋ ያደገ፣ አያት ጋ የተላከ፣ ለትምህርት ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የቀረ ልጅ በየቤቱ አለ። እኔ ካሳደገው ሰው ወደ ልጁ አረንጓዴ ቀስት ሳልኩ። ሥዕሉ ሲያልቅ ስድስት ቀስት ከአንዲት ሴት ይነሳል። ያቺ ሴት አያቴ ናት። ወንድሟን ካጣች በኋላ የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ትሰበስብ ነበር። ሥዕሉን ሳላይ በፊት «አያቴ ደግ ናት» ብቻ ነበር የምለው።

የማታውቁት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ።

ደረጃ 6፦ የከተማዋን ዓመታት ከቤታችሁ ዓመታት ጎን ጻፉ

አያቶቻችን ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም፤ ክስተት ነው የሚቆጥሩት። «ጣልያን ሲወጣ» ካሉ 1933 ነው። «ንጉሡ ሲወርዱ» 1967 መግቢያ ላይ ነው። «ቤት ሲወረስ» የዚያው ዓመት ሐምሌ ነው፤ አዋጁ ወጥቶ ትርፍ ቤት የተወሰደበት። «የሶማሌ ወረራ» 1969 እና 1970 ነው። ነሐሴ 1969 ላይ ጦርነቱ ድሬዳዋ ድረስ መጥቷል። ቀይ ሽብርም በዚያው ዘመን ነው። «ኢሕአዴግ ሲገባ» 1983፣ «የኤርትራ ጦርነት» 1990 ግንቦት። ይሄኛው የምድር ባቡር ቤተሰቦችን ሳይቀር ለሁለት ከፍሏል። «ጎርፉ» ካሉ ደግሞ 1998 ሐምሌ መጨረሻ ነው። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል እነዚህን፣ በሌላው በኩል የቤታችሁን ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ ስደትና ሥራ ጻፉ። ከዚያ ዕድሜ አስሉ። ይህን ደረጃ በደንብ ሥሩት። እናቴን «ጨካኝ ናት፣ አታቅፍም» እያልኩ ነው ያደግኩት። ስደምር በነሐሴ 1969 የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የስድስት ዓመት ልጅ፣ መድፍ የሚሰማባት ከተማ ውስጥ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ አጎቷ ጠፋ። ይህን ማወቄ የኔን ብቸኝነት አላጠፋውም። ግን እናቴን ሳስባት አንዲት ትንሽ ልጅም አብራ ትታየኛለች።

ወረቀት ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ቶሎ ይጨርሱታል። የጡረታ ደብተር፣ የምድር ባቡር መታወቂያ፣ የኒካህ ወረቀት፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የዕድር ደብተር፣ ዳዊት ላይ የተጻፈ የልደት ቀን፣ የፎቶ ጀርባ። ካላችሁ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱና ዋናውን ወደ ቦታው መልሱ።

ደረጃ 7፦ ሽማግሌዎቹን ማናገር

ይሄ ነው ከባዱ። ረጋ ብላችሁ ግቡበት።

ሰዓቱን ምረጡ። በድሬ ቀትር ላይ ሰው ይተኛል እንጂ አያወራም። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ደጅ ወንበር ሲወጣ ያኔ ነው። ፊት ለፊት አትቀመጡ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። እጅ ሥራ ላይ ይሁን፤ ምስር መልቀም፣ ቡና መቁላት። ዓይን ለዓይን የማይነገር ነገር ምስር እየተለቀመ ይነገራል።

ከሞት አትጀምሩ። ከቤቱ ጀምሩ። «እማዬ፣ ልጅ ሆነሽ የምትተኙበት ክፍል ምን ይመስል ነበር? ከማን ጋር ነበር የምትተኚው?» ከሽማግሌው ጋር ከሆነ «ጋሼ፣ ባቡሩ ላይ ሲሠሩ ሌሊት ሲገቡ በር ማን ይከፍትልዎ ነበር?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ይዞ ይገባል። ስለ ሽታ ጠይቁ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ጎረቤት፣ ቤት ውስጥ ስለሚነገረው ቋንቋ።

«ለምን» አትበሉ። በአማርኛ «ለምን ተውሽው?» ክስ ነው። «ከዚያስ?» ይበቃል። «እንዴት አለፋችሁት?» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ሥቃዩንም ብርታቱንም አብሮ ያወጣል።

ዝም ሲሉ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አያቴ «ተይው ልጄ» ስትል ተውኩት። አንድ ጊዜ «ተይው» ማለት ብዙ ጊዜ «ዛሬ አይደለም» ማለት ነው። በሌላ ቀን ደግማ «ተይው» ካለች በሩ ተዘግቷል፤ መብቷ ነው። የኛ መዳን በእሷ መቁሰል መሆን የለበትም። አያቴ የተናገረችው በሦስተኛው ወር ነው። እኔ ሳልጠይቃት። ሽንኩርት እየላጠች «ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የተኮስኩለት» አለች። ያን ቀን ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቋንቋው ሲቀየር ልብ በሉ። በኛ ከተማ አንድ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ በሶማልኛ ይስቃል፣ በሐረሪ ያለቅሳል። የድሮ የባቡር ሠራተኛ ከሆነ ፈረንሳይኛም ይገባበታል። ሰው ሲያመው ወደ ልጅነት ቋንቋው ይመለሳል። «በአማርኛ ንገሪኝ» አትበሉ። ቃሉን እንደተባለ ጻፉት፤ በኋላ ትርጉሙን ትጠይቃላችሁ።

ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀዱም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይወጣም። የሌላ ሰው ገመና ያለበት ታሪክ ከናንተና ከአማካሪያችሁ አያልፍም። የመደፈር ታሪክ፣ የሌላ አባት ታሪክ፣ የጉዲፈቻ ታሪክ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሰማ ሰው ሮጦ ለባለቤቱ መናገር የለበትም። መጀመሪያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ውሳኔ።

ሌላም አለ። ዘመዳችሁ ተበዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። የበደለም ሊሆን ይችላል። ሰው ያስያዘ፣ ልጁን የደበደበ፣ ሚስቱን ጥሎ የሄደ። ይህን ስትሰሙ ለመከላከል አትቸኩሉ፣ ለመፍረድም አትቸኩሉ። እንደተነገረ ጻፉት። ሁለት እህትማማቾች አንዱን ቀን በሁለት መንገድ ከነገሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ወሬውን ወደ ዛሬ መልሱት፤ ስለ ልጆች፣ ስለ እራት። ምርቃት ተቀበሉ። በማግሥቱ ደውላችሁ «እንዴት አደርሽ? እንቅልፍ ወሰደሽ?» በሉ። እኛ ከፍተን ከወጣን በኋላ ሌሊቱን ብቻቸውን የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ቦታው ድረስ ሂዱ

ሊደረስበት የሚችል ከሆነ ሂዱ። ከዚራ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ መጋላ የተከራዩበት ግቢ፣ ደቻቱ ዳር፣ ወይም 55 ኪሎ ሜትር ወጥታችሁ ሐረር፣ አያታችሁ የገቡበት የጀጎል በር። ከምታምኑት ሰው ጋር፣ በጠዋት፣ ለአጭር ጊዜ ሂዱ። ቤቱ ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ያም ይሁን። አንድ ነገር ነክታችሁ ተመለሱ፤ ግንብ፣ ዛፍ፣ አፈር።

ደረጃ 9፦ ወደ ቀጠሮው አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ

ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይዤ ገብቼ ነበር፤ ሃምሳ ደቂቃው በማገላበጥ አለቀ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሦስት ነገር ጻፉበት። ምን ተደጋገመ? ምን አልተነገረም? ማን ተቋቋመው፣ እንዴት?

ሦስተኛውን አትርሱት። ዚምባብዌያዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ንካዘሎ ንኩቤ ከአውስትራሊያዊው ዴቪድ ደንቦሮ ጋር ያዘጋጁት «የሕይወት ዛፍ» የሚባል ዘዴ ለዚህ ይረዳል። ዛፍ ትስላላችሁ። ሥሩ ከየት እንደመጣችሁ ነው። መሬቱ የዛሬ ኑሯችሁ፣ ግንዱ ችሎታችሁ፣ ቅርንጫፉ ተስፋችሁ፣ ቅጠሉ ለናንተ ትልቅ ቦታ ያላቸው ሰዎች፣ ፍሬው ከእነሱ የተቀበላችሁት ስጦታ። መጀመሪያ ዛፉ ይቆማል፤ ስለ ማዕበሉ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሾላ ሳልኩ። ቅጠሉ ላይ ያ የጠፋው ሰው ስም አለ።

ከዚያ ከአማካሪያችሁ ጋር ይህን ጠይቁ፤ ይህ ስሜት የማን ነው? መቼ ነው የጀመረው? በጊዜው ልክ ነበር? የአያቴ ፍርሃት በ1970 ልክ ነበር። የወጣ ሰው ላይመለስ ይችል ነበር። በሩን ማየቷ፣ ጆሮዋን መቅሰሯ ልክ ነበር። ለናቴ ያስተማረችው ያንን ነው፤ ሳትናገር፣ በሩን በማየት ብቻ። እናቴም ለኔ። ጉዳት በደም ይወረሳል የሚሉ አሉ፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና አከራካሪ ነው። እኛ ቤት ግን በር በማየት እንደተላለፈ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ባለቤቴ ሲዘገይ «ይሄ 1970 ነው» እላለሁ። ፍርሃቱ ዓመተ ምሕረት አገኘ። አልጠፋም። ግን ዛሬን እንዳለ አይወስድብኝም።

በቀጠሮዎቹ መሀል መጻፍ ለሚወዱ፣ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ፔነቤከር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ያጠናው መንገድ አለ። ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ስለ ከበዳችሁ ነገር ሳታቋርጡ ጻፉ። ፊደል አትጠንቀቁ፤ ለማንም አታሳዩ። ከጻፋችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ልብ ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት አይሁን። ከአቅም በላይ ከሆነ ተዉት፤ ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ደረጃ 10፦ ያልተለቀሰውን አልቅሱ

ብዙ የቤተሰብ ቁስል ሲመረመር ያልተቀመጠ ለቅሶ ሆኖ ይገኛል። እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን። መርዶው በማለዳ ይነገራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሐረሪ ቤት እንደ ዕድር ያለው አፎቻው ይመጣል። ብቻችንን አንተውም። ነገር ግን በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። በጦርነት የጠፋ ሰው ሬሳ የለውም። ጎርፍ የወሰደውም አንዳንዱ አልተገኘም። «ይመጣ ይሆናል» እየተባለ ሃምሳ ዓመት ይሞላል።

እዚህ ላይ አማካሪም፣ ንስሐ አባትም፣ ሼኽም ያስፈልጋሉ። ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ደግሞ በጣም ያጣው ሰው ነው፤ የልጅ ልጅ አይደለም። እኔ ተዝካር እናውጣ ስል አያቴ እንቢ አለች። «ሞቷል ያለኝ ሰው የለም» አለች። ልክ ነበረች። ተስፋዋን የመንጠቅ መብት አልነበረኝም። የፈለገችው ስሙ እንዲጠራ ብቻ ነበር። የንስሐ አባቷ ቤት መጥተው ጸሎት አደረሱ። ቡና ተፈላ። ከልጅ ልጆች እስከ ጎረቤት አሥራ ስድስት ሰው ነበርን። እያንዳንዱ ሰው ስለ እሱ የሰማውን አንድ ነገር ተናገረ። እኔ ሸሚዙን ተናገርኩ። እናቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከዚራ ጥላ ሥር እንዳዞራት ተናገረች። ያንን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ያን ማታ እናቴ አቀፈችኝ።

በመጨረሻ ፎቶውን ከሣጥን አወጣን። ፎቶ ጀርባ ላይ ስትጽፉ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ለስላሳ እርሳስ ውሰዱ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ሳትጫኑ ዳር ዳሩ ላይ ጻፉ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ፎቶው የተነሳበት ዓመት፣ የነገራችሁ ሰው ስም። እኔ ሙሉ ስሙን ጽፌ ስጨርስ አያቴ ፎቶውን አስጠጋችና አየችው። «እንዲህ ብሎ ማንም አይጠራውም» አለች። ከዚያ የቤት ስሙን ነገረችኝ፤ ከጎኑ ጻፍኩት።